«የሚሠራ ዳታቤዝ አይነካም» ላሉት ጸሐፊ ከባሕር ዳር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በባሕር ዳር የአይቲ ባለሙያዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው በዚሁ ከተማ ለመሥሪያ ቤቶች፣ ለክሊኒኮችና ለኮሌጆች ሲስተም የሚሠሩ ዲቨሎፐር ናቸው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የዳታቤዝ ሰርቨር አምራቾች በየሦስት ወሩ አዲስ ቨርዥን ያወጣሉ፤ ሩጫው ዲቨሎፐሩን ያደክማል፣ አድሚኑን እንቅልፍ ይነሣል፤ ስለዚህ አንድ ቨርዥን ተመርጦ ይጫን፣ ለአምስት ዓመትም ማንም እንዳይነካው ይቆለፍ፤ የክልሉ ቢሮዎችም ይህንኑ በሰርኩላር ይወስኑ።

ጽሑፉ ከልብ የተጻፈ ነው። ድካሙን አውቀዋለሁ፤ እኔም እንጀራዬ የሰው ዳታቤዝ መጠበቅ ነው። ምክሩ ሥራ ላይ ከዋለ ግን የሚጎዳው የታካሚ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የቆጣቢ ሒሳብ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«በየሦስት ወሩ ቨርዥን መቀየር ማን ይችላል?» ሲሉ ይጀምራሉ። የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ጥያቄ ነው፤ ስሕተቱም እዚሁ ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተዋል። ጸሐፊው አብዝተው የሚያነሡት ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ሰርቨር ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ፖስትግሬስ ዋና ቨርዥን የሚያወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ 16፣ 17፣ 18 የምንላቸው እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ አምስት ዓመት ይደገፋል። በየሦስት ወሩ የሚመጣው ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፦ 16.3፣ 16.4፣ 16.5 እያለ። በዚህ ውስጥ አዲስ ባሕርይ አይጨመርም፤ ያለው የስሕተትና የደኅንነት ጥገና ነው። የዳታው ፋይል አቀማመጥ አይለወጥም፤ ዳምፕ (የዳታውን ሙሉ ግልባጭ) ወስዶ ሪስቶር ማድረግም (መልሶ መጫንም) አያስፈልግም። ሰርቪሱን አቁሞ፣ ፕሮግራሙን ተክቶ፣ መልሶ ማስነሣት ነው። አልፎ አልፎ አንዳንድ ኢንዴክስ (ረድፎችን ቶሎ የሚያስገኝ ማውጫ) እንደገና እንዲሠራ ሊጠየቅ ስለሚችል አብሮ የሚወጣውን ማስታወሻ ማንበብ ግን ግድ ነው።

ግራ መጋባቱ ምክንያት እንዳለው አልክድም። እስከ 2017 ድረስ ከ9.5 ወደ 9.6 መሄድ ራሱ ዋና ለውጥ ነበር፤ ቁጥሩ የተስተካከለው ቨርዥን 10 ሲወጣ ነው። የዚያ ዘመን ልማድ ብዙዎቻችን ላይ ቀርቷል። ዛሬ ግን ጸሐፊው የሚጠይቁት አምስት ዓመት በእጃቸው ነው፤ 16ን እንደወጣ የጫነ ሰው አምስቱን ዓመት ሙሉ እዚያው 16 ላይ መቆየት ይችላል። የማይቻለው የመጀመሪያው 16.0 ላይ ተቀምጦ መቅረት ነው።

ማይኤስኪውኤል ስለሚባለው ሌላው የዳታቤዝ ሰርቨር ያቀረቡት ቅሬታ የተሻለ መሠረት አለው። 8.0 ከ2018 ጀምሮ ለዓመታት በትንንሾቹ ቁጥሮች ውስጥ ጥገናንና አዲስ ባሕርይን እየቀላቀለ ነው የሄደው። 8.0.29 በዚህ የተነሣ ዳታ የሚያበላሽ ስሕተት ይዞ ስለወጣ ከማውረጃው ገጽ እስከመነሣት ደርሷል። አምራቹ በ2023 መንገዱን ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ፣ ሌላው አዳዲስ ነገር የሚሞከርበት። በኤፕሪል 2024 የወጣው 8.4 የመጀመሪያው ዓይነት ነው። እዚህ ከተማ ላለ መሥሪያ ቤት ዛሬ ማይኤስኪውኤል የሚጭን ሰው እንደ 8.4 ያለውን፣ ለረጅም ጊዜ የሚደገፈውን ይጫን፤ በየሩብ ዓመቱ የሚለዋወጡትን ለሙከራ ማሽን ይተዋቸው።

ሁለተኛው ነጥባቸው «እየሠራ ያለ ነገር አይነካም» የሚለው ነው። እየሠራ መሆኑን በምን አወቅን? ስክሪኑ ስለተከፈተና ሪፖርቱ ስለወጣ ነው። ፖስትግሬስ 14 በ2021 መጸው ወጣ። እስከ ጁን 2022 ድረስ፣ ማለትም 14.4 እስኪመጣ፣ ሰንጠረዡ በሥራ ላይ እያለ ጎን ለጎን የሚሠራ ኢንዴክስ አንዳንድ ረድፎችን ሳይመዘግብ ሊያልፍ ይችል ነበር። የስሕተት መልእክት የለም፤ ሎግ ላይም ምንም አይታይም። አንዲት እናት ካርድ ክፍል መጥታ ቁጥሯን ስትሰጥ ሲስተሙ «የለም» ይላል፤ መረጃዋ ግን ሰንጠረዡ ውስጥ ተቀምጧል። ካርድ ሠራተኛዋ አዲስ ካርድ ታወጣለች፤ የመድኃኒት አለርጂዋ የተጻፈበት አሮጌው መዝገብ ተደብቆ ይቀራል። በጸሐፊው መለኪያ ይህ ሰርቨር «እየሠራ» ነው።

ከዚያ በፊትም በ2018 የታወቀ ሌላ ጉድ ነበር። ዲስኩ መጻፍ ሲያቅተው ሊኑክስ ስሕተቱን አንድ ጊዜ ብቻ ይናገርና በሁለተኛው ሙከራ «ተሳክቷል» ሊል ይችላል። ፖስትግሬስ ደግሞ ደጋግሞ የመሞከር ልማድ ስለነበረው ያልተጻፈውን ዳታ እንደተጻፈ ቆጥሮ ያልፍ ነበር። ጥገናው የመጣው በፌብሩዋሪ 2019 በ11.2ና በጊዜው ይደገፉ በነበሩት ቀደምት ቨርዥኖች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ራሱን አቁሞ አስቀድሞ ከጻፈው የለውጥ መዝገብ ያገግማል። መብራት እየተመላለሰ ዲስክ ቶሎ በሚያረጅበት ቦታ ይህን ጥገና አለመቀበል ምን ማለት እንደሆነ ለጸሐፊው ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

«ሰርቨራችን ከውስጥ ኔትወርክ ውጭ አይታይም» የሚለውን ሦስተኛ መከራከሪያቸውን ከብዙ ኃላፊዎች አፍም እሰማዋለሁ። ጃንዋሪ 25 ቀን 2003 ስላመር የተባለ ትል (በኔትወርክ ራሱን የሚያባዛ ጎጂ ፕሮግራም) በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን አጥለቀለቀ። መጠኑ 376 ባይት ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ በየ8.5 ሴኮንዱ እጥፍ እየሆነ ተባዛ፤ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሊጠቁ ከሚችሉት ማሽኖች አብዛኞቹን ያዘ፤ ቢያንስ 75,000 ያህል ሆኑ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገና የወጣው በጁላይ 2002 ነበር፤ ስድስት ወር ቀድሞ። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የሚገኘው የዴቪስ ቤሲ የኑክሌር ጣቢያ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ መከላከያ) ነበረው፤ ትሉ የገባው ፋየርዎሉን በሚያልፍ የኮንትራክተር መስመር ነው። የደኅንነት መረጃ ማሳያው አምስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ጠፋ። ጣቢያው ያን ጊዜ ኃይል እያመነጨ አለመሆኑ ነው ያተረፈው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የቢሮው ዋይፋይ ለእንግዳም ይሰጣል። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንት ፍላሽ ይሰካል? ጸሐፊው ራሳቸው በሌላ አንቀጽ ደንበኞቻቸውን ከቤታቸው ሆነው በርቀት እንደሚደግፉ ጽፈዋል። እንግዲያውስ «ውስጥ» የሚሉት ኔትወርክ የእሳቸውን ላፕቶፕ ይጨምራል።

አራተኛው ነጥብ ላይ ሐቁ ከእሳቸው ጋር ነው፤ አፕዴት ራሱ የሚሠራውን ይሰብራል። ኖቬምበር 14 ቀን 2024 የወጣው ፖስትግሬስ 17.1 አንድ የውስጥ አወቃቀር ስለቀየረ ቀድመው የተሠሩ አንዳንድ ኤክስቴንሽኖች (ተጨማሪ ቅጥያዎች) ችግር ገጠማቸው፤ በሳምንቱ 17.2 ወጥቶ አረመው። በጁላይ 2024 የወጣው ማይኤስኪውኤል 8.0.38 ከ10,000 በላይ ሰንጠረዥ ያለበትን ሰርቨር ሪስታርት ሲደረግ እንዳይነሣ ያደርግ ነበር። ብዙ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ለእያንዳንዱ ዓመት የየራሱን ሰንጠረዥ የሚከፍት ሲስተም ሳይታሰብ እዚያ ይደርሳል። ይህም በያው ወር በ8.0.39 ተስተካከለ።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ግን «አምስት ዓመት ጠብቅ» አይደለም። አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቅ፣ ማስታወሻውን አንብብ፣ በሌላ ማሽን ላይ ሞክር፣ ከዚያ ጫን ነው። አጥቂዎች እየተጠቀሙበት ያለ ቀዳዳ ሲሆን ብቻ ጥበቃው ወደ ቀናት ይወርዳል። ጸሐፊው «ጣና መሃል ላይ የጀልባ ሞተር አይፈታም» ብለዋል። አይፈታም። ሞተር የሚፈታው ወደብ ላይ ነው፤ ግን ይፈታል። ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ሞተሩ አምስት ዓመት ሳይፈተሽ መቆየቱን የሰማ ተሳፋሪ አይወጣበትም።

በጣም የቆረቆረኝ አምስተኛው ነጥባቸው ነው፦ «አፕዴት የአማርኛ መረጃችንን ያጠፋል»። ስሞች ወደ ጥያቄ ምልክት ተርታ መቀየራቸውን፣ አዲሱ ሰርቨርም ሰንጠረዥ አልፈጥርም ማለቱን ይተርካሉ። ሁለቱም የሚደርሱ ነገሮች ናቸው፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይጎዳበታል።

ማይኤስኪውኤል እስከ 5.7 ድረስ ካልተነገረው በቀር ሁሉን ነገር ላቲን1 በሚባለው የምዕራባውያን ፊደል ሠንጠረዥ ነበር የሚከፍተው። ግእዝ እዚያ ውስጥ የለም። ግንኙነቱ ግእዝን በሚይዘው በዩቲኤፍ8 ተከፍቶ ዐምዱ ላቲን1 ከሆነ፣ ወይም ዳምፑ ከትክክለኛው ዐምድ በላቲን1 ከተወሰደ፣ ሠንጠረዡ የማያውቀው ፊደል ሁሉ «?» ሊሆን ይችላል። ግንኙነቱም ዐምዱም ላቲን1 ተብለው የአማርኛው ባይቶች እንዳሉ ከገቡ ደግሞ ዓመታት ምንም ሳይታይ ይኖራል፤ እንደገባው ይወጣልና። ጉዳዩ የሚጋለጠው አንዱ ወገን ሲስተካከል ነው። እንግዲህ ያን ዳታ ያበላሸው የመጀመሪያው ቀን አከፋፈት ነው፤ አዲሱ ቨርዥን ያደረገው መግለጥ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያውን ሰርቨር ሳያጠፉ ማቆየት ነው። ጥያቄ ምልክቱ ዳምፑ ውስጥ ከሆነ ዋናው ዳታ ገና ደኅና ነው፤ በትክክለኛው የፊደል ሠንጠረዥ እንደገና ይወሰዳል። ዐምዱ ውስጥ የተጻፈው ራሱ «?» ከሆነ ግን ከባክአፕ በቀር መመለሻ የለውም።

ሰንጠረዥ አልፈጥርም ያለው ደግሞ ስሌት ነው። የድሮው «ዩቲኤፍ8» ለአንድ ፊደል ቢበዛ 3 ባይት ይመድባል፤ አዲሱ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቢበዛ 4 ይመድባል። በድሮው የረድፍ አቀማመጥ የኢንዴክስ ጣሪያ 767 ባይት ነው። 255 ፊደል በ3 ሲባዛ 765 ነው፣ ይገባል፤ በ4 ሲባዛ 1,020 ነው፣ አይገባም። መፍትሔው የሰንጠረዡን አቀማመጥ «ዳይናሚክ» ወደሚባለው መለወጥ ነው፤ ጣሪያው 3,072 ይሆናል። የአማርኛ ፊደል ራሱ በሁለቱም 3 ባይት ነውና መረጃው በዚህ ምክንያት አይተልቅም፣ አይጠፋምም።

ጸሐፊው ሳያነሡት የቀሩ እውነተኛ አደጋ አለ፤ እሱም የሚመጣው ከዳታቤዙ አፕዴት ሳይሆን ከሊኑክሱ ነው። በ2018 የወጣው ጂሊብሲ 2.28 (የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ) የፊደል ቅደም ተከተልን በሰፊው ለወጠ። ከኡቡንቱ 18.04 ወደ 20.04፣ ወይም ከዴቢያን 9 ወደ 10 የተሻገረ ሰው ፖስትግሬሱን ባይነካ እንኳ የጽሑፍ ኢንዴክሶቹ በድሮው ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ይቀራሉ። ፍለጋ ይስታል፤ አንድ ብቻ መሆን ያለበት ስም ሁለት ጊዜ ይገባል። ከሽግግሩ በኋላ ኢንዴክሶቹን በሙሉ እንደገና መሥራት ግድ ነው። ለአማርኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፍ መንገድ አለ። ዩኒኮድ ውስጥ ግእዝ የተደረደረው በራሱ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ስለሆነ ዳታቤዙን «ሲ» በሚባለው ኮሌሽን (የአደራደር ደንብ) ብንከፍተው ዝርዝሩ ከሀ እስከ ፐ እንደለመድነው ይወጣል፤ ሊኑክሱ ቢቀየርም ተራው አይናወጥም። ፖስትግሬስ 17 ይህንኑ በውስጡ አካቶታል። ይህ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካፒታሉን ከትንሹ ስለሚለያይ አይመችም፤ እኛ ግን ካፒታል የለንም። ፊደላችን የሰጠንን ዕድል አለመጠቀም ያስቆጫል።

ስለ ኢንተርኔትና ስለ መብራት የጻፉትን ማንም የባሕር ዳር ሰው አይቃወማቸውም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ኔትወርክ በሌለበት አፕዴት ይደረግ ማለት ቀልድ ነው የሚል ቢኖር እረዳዋለሁ። ሆኖም የፖስትግሬስ የጥገና ጥቅል ከጥቂት አሥር ሜጋባይቶች አይበልጥም። መስመር ያለው አንድ ሰው አውርዶ፣ ፊርማው ትክክል መሆኑን አረጋግጦ፣ በፍላሽ ለአሥር መሥሪያ ቤት ሊያዳርሰው ይችላል። ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ የፖሊ ተማሪዎች የሊኑክስ ጥቅሎች ቅጂ የሚይዝ አንድ ማሽን ቢያቆሙ ከመመረቂያ ፕሮጀክት የሚያንስ ሥራ አይደለም። ለመብራቱ፣ ዩፒኤሱ ባትሪው ሞልቶ እያለ መጀመር ነው። ዋና ቨርዥን ሲሻገሩ ብቻ አንድ ጥንቃቄ ይጨመር፦ ፋይሉን ሳይገለብጡ በሊንክ የሚያሻግረው መንገድ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን አዲሱ ሰርቨር አንዴ ከተነሣ ወደ አሮጌው መመለስ የለም። ባክአፕ ሳይኖር ማንም አይሞክረው።

ጊዜው አይመችም የሚለውንም ቀን መቁጠሪያ ከፍቼ አየሁት። የፖስትግሬስ ጥገና የሚወጣው በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር ሁለተኛው ሐሙስ ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት መጀመሪያ፣ ሚያዝያ ማለቂያ ወይም ግንቦት መጀመሪያ፣ ነሐሴ መጀመሪያ፣ ጥቅምት ማለቂያ ወይም ኅዳር መጀመሪያ መሆኑ ነው። አንዱም በሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ላይ አይወድቅም። የማይኤስኪውኤል አምራች የኦራክል የሩብ ዓመት ጥገና ግን በጁላይ ሦስተኛው ማክሰኞ ይወጣል፤ ሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሒሳብ ክፍል ገና ዓመቱን በሚዘጋበት ወቅት። እዚያ ላይ ሁለት ሳምንት መግፋት ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ዲቨሎፐሩ ኮዱን ስንት ጊዜ ይከልስ የሚል ነው። የተማሪ ውጤት ሲስተም እንውሰድ። ደረጃ የሚያዝበት ዐምድ «ራንክ» ይባላል፤ ማይኤስኪውኤል 8.0 ግን ይህን ቃል ለራሱ ስለያዘው ጥያቄው በሙሉ ስሕተት ይሆናል። በክፍል የሚሰበስበው ሪፖርትም 5.7 ላይ ሳይነገረው በተራ ይደረደር ነበር፤ 8.0 ተራውን ካላዘዙት አይደረድርም። እነዚህን ዲቨሎፐሩ በቅርብ ሲከታተል አንድ አንድ እያለ ያርማቸዋል። ለዓመታት ከቆለፈው ግን ከ5.5 ወደ 8.0 በአንድ ጊዜ መዝለል እንኳ አይፈቀድለትም፤ 5.6ን፣ 5.7ን አንድ በአንድ እየረገጠ፣ የሁሉንም ለውጥ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ይከፍላል፤ ያውም ርእሰ መምህሩ ካርድ ይታደል እያሉ ከላዩ ቆመው። ጸሐፊው ለዲቨሎፐሩ በማዘን ያቀረቡት ሐሳብ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ዲቨሎፐሩን ነው።

ሰርኩላሩን በተመለከተ፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ የያዘ መሥሪያ ቤት መጠበቅ ግዴታው ሆኖ ሳለ ጥገና አትቀበሉ የሚል ወረቀት እንዴት ይፈረማል? ቢሮዎቹ መጻፍ ያለባቸው የግዢ ውል ውስጥ ነው፦ የሚጫነው ቨርዥን ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን፣ የሩብ ዓመቱን ጥገና የሚጭነው ሰው ማንነትና ክፍያው፣ እንዲሁም ለሙከራ የሚሆን አንድ ማሽን። ማሽኑ ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ቢሆን ይበቃል። ዛሬ አብዛኛው ውል ሲስተሙን ከማስረከብ አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያለ ክፍያ በጸሐፊውና በመሰሎቻቸው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ምሬታቸው የመነጨው ከዚህ ይመስለኛል፤ በዚህ ላይ አብሬያቸው ለመጮኽ ዝግጁ ነኝ።

እስከዚያው ድረስ ጸሐፊው የየደንበኞቻቸውን ሰርቨር ከፍተው ቁጥሩን ይመልከቱ። ፖስትግሬስ 14 ከሆነ ድጋፉ በኅዳር 2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ያበቃል፤ ሽግግሩ ከዚያ በፊት ይታቀድ። 13 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ድጋፉ የቆመው ማይኤስኪውኤል 5.7 ከሆነ፣ ባክአፑን ዛሬ ይውሰዱና በሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር ሆኖ የአማርኛ ስሞቹ በትክክል መነበባቸውን ይዩ።